የሐበሻ ጥድ ለምን በዘመቻ ብቻ አይመለስም?

ክረምት ሲገባ አንድ ክርክር አብሮት ይገባል። ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይለጠፋል፣ ከፎቶው ሥር ደግሞ «አገር በቀል ነው ወይስ የፈረንጅ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ነገሩ ጥድ ላይ ሲደርስ ይበልጥ ይወሳሰባል። አንዱ ጥድ የአያት የቅድመ አያት ዛፍ ነውና ይተከል ይላል። ሌላው ጥድ ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ይቅርብን ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ዛፍ አይደለም።

መምታታቱ በወሬ ብቻ ቢቀር ብዙም ባልጎዳ ነበር። ግን ችግኝ ጣቢያም፣ ሪፖርትም፣ የደን ሕግ አፈጻጸምም ውስጥ ይገባል። «ይህን ያህል ሄክታር ጥድ ተተከለ» የሚል ወረቀት የትኛው ጥድ እንደሆነ ካልነገረን፣ ስለ ደኑ የነገረን ነገር የለም። አንደኛው ጥድ ሃያና ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ለጣውላ የሚቆረጥ ሰብል ነው። ሌላኛው የደጋውን ደን ለዘመናት ተሸክሞ የኖረ ዛፍ ነው።

ጥድ የሚባሉት ሦስቱ

ከቅጠላቸው ይልቅ ፍሬያቸውን ማየት ይቀላል። የሐበሻ ጥድ (በሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፔሩስ ፕሮሴራ) ፍሬው ከአተር የማይበልጥ፣ ሥጋ ያለው፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚሄድ ነው። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሰም አለው፤ በጣት ሲያሹት ይለቃል። የልጅ ዛፉ ቅጠል ሹልና የሚወጋ ነው። ሲያድግ ግን ቅጠሉ ጥቃቅን ቅርፊት ሆኖ ቀንበጡ ላይ ይለጠፋል። ቅርፊቱ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ በረጃጅም ጭረት ይላጣል። ሲፈለጥ ውስጡ ቀይ ነው፣ ሽታውም አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ሽታ ነው። ይህ በአጋጣሚ የመጣ መመሳሰል አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ ጥድ ለእርሳስ መሥሪያ ተሰንጥቆ ወደ ውጭ ይላክ ነበር።

የፈረንጅ ጥድ (ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ) የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ነው። በየትምህርት ቤቱ፣ በየግቢው አጥርና በየመንገዱ ዳር የምናየው እሱ ነው። ፍሬው እንደ እንጨት የደረቀ ድቡልቡል ነው። ሲደርስ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል፣ ዘሩንም ለነፋስ ይለቃል።

ሦስተኛው ፓቱላ ነው (ፓይነስ ፓቱላ)፤ እሱም ከሜክሲኮ የመጣ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወደ ታች የተንዘረፈፈ መርፌ መሳይ ቅጠል አለው። በእውነት «ፓይን» ከሚባለው ወገን የሆነው ከሦስቱ ይህ ብቻ ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ደግሞ በተፈጥሮ የበቀለ ፓይን የለም። ስለዚህ በአገራችን ያየነው ፓይን ሁሉ ሰው ያመጣው ነው።

ሦስቱም «ኮኒፈር» ከሚባለው ትልቅ ወገን ናቸው። ኮኒፈር ማለት አበባ ሳያብብ ዘሩን ኮን በሚባል አካል ላይ የሚይዝ ዛፍ ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ፍሬ ቢመስልም በሳይንሱ ዓይን ሥጋ ያወጣ ኮን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅሉ ኮኒፈሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የሐበሻ ጥድና ዝግባ።

ቤቱ የት ነው?

የሐበሻ ጥድ ከዓረብ ልሳነ ምድር ተራሮች ተነስቶ፣ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሌ ከፍታዎች አልፎ፣ ኬንያንና ታንዛኒያን ይዞ እስከ ዚምባብዌ ይወርዳል። ከጁኒፐር ወገን ሁሉ የምድር ወገብን አልፎ ወደ ደቡብ በተፈጥሮ የተሻገረው እሱ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ አገር ቢያዳርስም ቦታው በየአገሩ የተቆራረጠ ነው። ተራራ ላይ ይኖራል፣ በሁለት ተራሮች መካከል ያለው ቆላ ግን አይመቸውም።

በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ይገኛል። ይህን ቀበቶ ተመራማሪዎች «ደረቅ አፍሮሞንቴን ደን» ይሉታል፤ በቀላሉ የአፍሪካ ተራሮች ደረቅ የደጋ ደን ማለት ነው። ደረቅ የተባለው ዝናብ ስለሌለው አይደለም። እንደ ከፋና ኢሉባቦር ዓመቱን ሙሉ እርጥብ አለመሆኑን ለማመልከት ነው። ጎረቤቶቹ ወይራ፣ ዝግባ፣ የደጋ ግራርና ወደ ላይኛው ጫፍ ኮሶ ናቸው።

ዛሬ ይህን ደን ማየት የሚፈልግ ሰው የሚሄድባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ መናገሻ ሱባ አለ። በሰሜን ሸዋ በአንኮበር በኩል ወፍ ዋሻ፣ ጊንጪ አጠገብ ጭሊሞ፣ በባሌ ዶዶላና ዲንሾ አሉ። በቦረናና በጉጂ በኩል በአሬሮና በነጌሌ ዙሪያ፣ በሰሜን ደግሞ በትግራይና በአፋር ተረተር ላይ ደሰአ ይገኛል። የመናገሻው ደን በዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ዝርዝሩ ትውፊት ነው። ቢሆንም ደን ከሩቅ ቦታ በመጣ ዘር ሊተከል እንደሚችል አባቶች ያውቁ እንደነበር ያሳያል።

እነዚህ ቦታዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በዲንሾ ጥዱ ከኮሶ ጋር ተቀላቅሎ ለደጋ አጋዘን መጠለያ ሆኗል። በአሬሮና በነጌሌ በኩል ያለው ደን ደግሞ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘው የሩስፖሊ ቱራኮ የሚባለው ወፍ መኖሪያ ነው። የቦረናው ደን በግጦሽ መሬት መሀል እንደ ደሴት የቆመ ነው። እሱ ከጠፋ ወፉ የሚሰደድበት ሌላ አገር የለውም።

የሚራባው እንዴት ነው?

እኔ እንደማየው የክርክሩ እምብርት እዚህ ጋ ነው፤ ብዙም አይወራበትም።

አንደኛ፣ የሐበሻ ጥድ በአብዛኛው ወንድና ሴቱ የተለያየ ነው። አንዱ ዛፍ ቢጫ ብናኝ ያበናል፣ ሌላው ፍሬ ያፈራል። ብናኙን የሚወስደው ነፋስ ነው። አንዲት ሴት ጥድ ሜዳ ላይ ብቻዋን ብትቀር ፍሬ የመሰለ ነገር ልታንጠለጥል ትችላለች፤ ውስጡ ግን ባዶ ዘር ይበዛል። ባዶ ዘር በዚህ ዛፍ ላይ ድሮም የተለመደ ነው። ወንዶቹ ሲርቁ ደግሞ ይብሳል።

ሁለተኛ፣ ዘሩን የሚያጓጉዙት ወፎች ናቸው። ፍሬውን በልተው ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል። በአገራችን ደጋ ነጭ ጉንጭ ያለው ቱራኮ ጥድ ከሚወዱት አንዱ ነው። ወፍ ዘር የሚጥለው ደግሞ የሚያርፍበት ቦታ ሲያገኝ ነው። ቁጥቋጦና ዛፍ የሌለው ገላጣ ቁልቁለት ላይ የሚያርፍበት ምክንያት የለውም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። የጥድ ችግኝ ብርሃን ይፈልጋል። ጥቅጥቅ ባለ አሮጌ የጥድ ደን ውስጥ ብትገቡ፣ ሁለት ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚያቅፈው ግንድ ታያላችሁ። ከቅርንጫፉ እንደ ፂም የተንጠለጠለ ግራጫ ነገር ታያላችሁ። ከሥሩ ግን የጥድ ችግኝ ማግኘት ይከብዳል። እዚያ ጥላ ውስጥ የሚያድጉት ዝግባና ሌሎች ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ናቸው። ጥድ በብዛት የሚበቅለው ክፍት ቦታ ሲያገኝ ነው፤ እሳት ያለፈበት፣ ዛፍ የወደቀበት፣ የተተወ እርሻ። ዛሬ የምናደንቃቸው የጥድ ደኖች አንዳንዶቹ ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ነገር መሬቱን ስለከፈተላቸው የተነሱ ናቸው።

ይህ ማለት ግን እሳት ይጥመዋል ማለት አይደለም። ቅርፊቱ ቀጭንና ጭረት ጭረት ነው፣ እንጨቱም ዘይት አለው። ነበልባል ሲያገኘው ይሞታል። አንዴ ከሞተ ወይም ከተቆረጠ ደግሞ ጉቶው አያቆጠቁጥም። ባህር ዛፍ ተቆርጦ ይነሳል፤ ወይራም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን ከዘር መጀመር አለበት። እሳት ቦታ ሊከፍትለት ይችላል፣ ዘር የሚሰጡ እናት ዛፎች በአቅራቢያው ካልተረፉ ግን የተከፈተው ቦታ ለሌላ ዕፅዋት ይሆናል። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሳው ቃጠሎ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደን እንደጎዳ ተገምቶ ነበር። ጉዳቱን ለመመዘን ከተቃጠለው ስፋት እኩል የተረፉት ዛፎች የት እንደቆሙ ማወቅ ያስፈልጋል።

አራተኛው ዝግታው ነው። የፈረንጅ ጥድ አንድ ትውልድ ሳይሞላው ለመጋዝ ይደርሳል። የሐበሻ ጥድ ብዙ እጥፍ ይቆያል። ለዚህ ዝግታ የምናገኘው ብድራት አለ። እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ውስጡ ያለው ዘይት ደግሞ ምስጥን ይገፋል። ሰው ለቤት ምሰሶና ለአጥር ቋሚ የመረጠው ለዚህ ነው። በግንዱ ውስጥ ያለው የዕድገት ቀለበት ደግሞ የዝናብን ታሪክ ይይዛል። በኢትዮጵያ የተደረጉ የቀለበት ጥናቶች የጥድ ቀለበት ስፋት ከዓመቱ ዝናብ ጋር እንደሚሄድ አሳይተዋል። የዝናብ መለኪያ ጣቢያ በሌለበት አካባቢ ይህ ዋጋ የማይተመንለት መዝገብ ነው። በእርግጥ በልግና ክረምት ሁለቱም በሚዘንቡበት ቦታ ዛፉ በዓመት ከአንድ በላይ ቀለበት ሊሠራ ስለሚችል ቆጠራው ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እንዴት እዚህ ደረስን?

ታሪኩ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው መሬታችን ደን ነበር፣ ዛሬ ሦስት በመቶ ቀርቷል።» ይህ አባባል በመማሪያ መጽሐፍም በንግግርም ሲደጋገም ኖሯል። የ40 በመቶው ቁጥር ግን በልኬት የተገኘ አይደለም። የአካባቢ ታሪክን ያጠኑ ምሁራን በጽኑ ተከራክረውበታል። በሰሜን ደጋ እርሻ ሺህ ዓመታት የቆየ በመሆኑ የደኑ መመናመን የጀመረው ከ20ኛው መቶ ዘመን እጅግ ቀደም ብሎ ነው።

የታችኛውም ቁጥር ቢሆን ከትርጉም ጋር ይቀያየራል። ኢትዮጵያ ከጥቂት ዓመታት በፊት ደንን ስትተረጉም ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር የዛፍ ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለው ቦታ ብላ ደነገገች። በዚህ ትርጉም ቀድሞ ቁጥቋጦ ይባል የነበረው ሰፊ መሬት ደን ሆነ። የሽፋኑ አኃዝም ወደ 15.5 በመቶ አደገ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የሚለካው ነገር ነው የተቀየረው። የጥድን ጉዳይ በእንዲህ ያለ አገራዊ መቶኛ መከታተል ግን አይቻልም። ቁጥሩ ሲወጣ ጥዱ ሊቀንስ ይችላል።

እርግጠኛ የሆነው ነገር ይህ ነው፤ የጥድ ቀበቶና የሰው ቀበቶ አንድ ናቸው። ጥድ የሚወደው ከፍታ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚወዱት ነው። ወባ ብዙም የለም፣ አፈሩ ጥሩ ነው፣ አየሩ ይስማማል። ሰው እዚያ ሰፈረ፣ ከተማም እዚያ ተቆረቆረ። አዲስ አበባ ስትመሠረት የእንጦጦና የአካባቢው ጥድ ለቤትና ለማገዶ አለቀ። ችግሩ ከመክፋቱ የተነሳ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ነበር። ባህር ዛፍ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ መጥቶ ከተማዋን ከስደት አዳናት። የጥዱን ቦታም ይዞ ቀረ።

ቆሞ መድረቅ

በደሰአ ደን የሚታየው ነገር ከመጥረቢያ የተለየ ነው። ብዙ ጥዶችና ወይራዎች ሳይቆረጡ፣ ቆመው ደርቀዋል። እንዲህ ያለው መድረቅ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ታች ይመጣል። በመጀመሪያ የላይኛው ቅርንጫፍ ይነጣል፣ ከዚያ ዛፉ በሙሉ አጥንት ሆኖ ይቆማል። ጥናቶች ያገኙት አቅጣጫም አለ። ከፍታው ዝቅ ባለ ቁጥር የሞተው ዛፍ ይበዛል።

ተመሳሳይ ነገር በጅቡቲ በጎዳ ተራራ በሚገኘው የዴይ ደን ደርሷል። እዚያ አብዛኛው ጥድ ሞቷል። በዚያ ደን ላይ የተመሠረተው የጅቡቲ ቆቅ ደግሞ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ወፎች አንዱ ሆኗል። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በሳዑዲ ዓረቢያ የአሲር ተራሮችም ጥዱ ከታችኛው ጠርዝ እየደረቀ ነው።

ምክንያቱ ላይ ሙሉ ስምምነት የለም። አንዳንዶች ድርቅና ሙቀት ዋናው ነው ይላሉ፤ የታችኛው ጠርዝ ቀድሞ መሞቱ ይህን ያጠናክራል። ሌሎች ደግሞ ከመጠን ያለፈ ግጦሽን፣ የቅርንጫፍ መቁረጥንና የአፈር መሸርሸርን ያስቀድማሉ። አፈሩ የሳሳበት ዛፍ ትንሽ ድርቅ ይበቃዋል፤ ልቡን የሚያበሰብስ ፈንገስም ይጨመርበታል። እኔ ሁለቱን ማነጻጸር ብዙ የሚጠቅም አይመስለኝም። ሙቀቱ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ እርሻና ግጦሽ ደግሞ ከላይ ይጠብቁታል። የሚወጣበት ቦታ ቢያገኝ ኖሮ ወፎች ዘሩን ቀስ በቀስ ያወጡለት ነበር። ዛሬ በብዙ ተራሮች ከጥዱ በላይ ያለው የገብስ ማሳ ነው።

በዓለም አቀፉ የዝርያዎች መዝገብ የሐበሻ ጥድ «አሳሳቢ ያልሆነ» ከሚባሉት ጎራ መመደቡ አንዳንዱን ያዘናጋል። ምደባው ዛፉን ከዓረብ እስከ ዚምባብዌ አንድ ላይ ቆጥሮ ነው። ዝርያው ሳይጠፋ የአንድ ተራራ ደን ሊጠፋ ይችላል። ጅቡቲ ምስክር ናት።

የፈረንጅ ጥድ ጠላት ነው?

በአንድ በኩል ያሉት የደን ባለሙያዎች መልሳቸው «አይደለም» ነው። አገሪቱ ጣውላ፣ ምሰሶና ማገዶ ትፈልጋለች። ይህን ፍላጎት ከሐበሻ ጥድ እናሟላ ካልን የቀረችው ታልቃለች። ቶሎ የሚደርስ ዛፍ በተለየ ቦታ ማምረት ለነባሩ ደን እፎይታ ይሰጠዋል። ሌላም ማስረጃ አላቸው። በመናገሻና በሙኔሳ ሻሸመኔ በተተከሉ የውጭ ዛፎች ጥላ ሥር አገር በቀል ችግኞች በራሳቸው ሲበቅሉ ተመዝግቧል። የውጭው ዛፍ ተሸካሚ ሆኖ፣ ወፍ አሳርፎ፣ አፈር ይዞ፣ ነባሩን ሊመልስ ይችላል ማለት ነው።

በሌላ በኩል ያሉት የሚያነሱት ቅሬታም ጠንካራ ነው። ተጠጋግቶ የተተከለ የፈረንጅ ጥድ ብርሃን አያሳልፍም፣ የረገፈው ቅጠሉም ቶሎ አይበሰብስም። ሥሩ ራቁቱን የቀረ መሬት ላይ ዝናብ ሲወርድ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል ለተባይም ያጋልጣል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በማላዊ የታየው የሳይፕረስ ክሽክሽ የሚባል ተባይ በምሥራቅ አፍሪካ ያሉትን የፈረንጅ ጥድ ተክሎች ክፉኛ ጎድቷል። ተባዩ ዘመዱን የሐበሻ ጥድንም የሚያጠቃ መሆኑ ነገሩን ያከፋዋል።

የሁለቱን ሐሳብ የሚያስታርቀው አተካከሉ ነው ብዬ አስባለሁ። አገር በቀል ችግኞች በመናገሻ የፈረንጅ ዛፍ ሥር የበቀሉት የነባሩ ደን እናት ዛፎች በአቅራቢያው ስለነበሩ ነው። ከነባር ደን ርቆ፣ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ሳይሳሳ የቀረ ተክል ያንን ውጤት አይሰጥም። እዚህ ላይ «መጤ» እና «ወራሪ» የሚሉትን መለየትም ይጠቅማል። መጤ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ወራሪ ግን ሰው ሳይተክለው በራሱ ተስፋፍቶ ሌላውን የሚያስወጣ ነው፤ በአፋር ሜዳ ላይ እንደተስፋፋው ፕሮሶፒስ የሚባል ዛፍ። የፈረንጅ ጥድ በኢትዮጵያ የሚነሳበት ችግር በዋናነት ሰው አለቦታው መትከሉ ነው። ይህ ደግሞ ሰው ሊያርመው የሚችለው ችግር ነው።

የአብያተ ክርስቲያናት ደን

በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ በአውሮፕላን ያለፈ ሰው በታረሰው መሬት መሀል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ያያል። በብዙዎቹ መሀል ቤተ ክርስቲያን አለ። በሰሜኑ ደጋ ከጥድና ከወይራ የተረፈው ጥቂት የማይባል ክፍል በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ ነው። ላሊበላ አጠገብ በዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም በአሮጌ ጥዶች የተከበበ ነው።

እነዚህ ደኖች የዘር ባንክ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግን ትንንሽ ናቸው፣ ብዙዎቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ ይሸፍናሉ። ጠርዛቸውን ንፋስና ፀሐይ ያደርቀዋል። ከብት ገብቶ ችግኙን ይረግጣል፣ ይበላል። አንዳንዱ ግቢ ለገቢ ሲባል ባህር ዛፍ ተክሎ ነባሩን ወደ መሀል ገፍቶታል። አሮጌዎቹ ዛፎች ቆመዋል፣ ተተኪ ግን የላቸውም። ከውጭ ሲታይ ደን ነው፤ ዕድሜውን ስናይ ግን ወጣት የሌለበት መንደር ነው።

የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከምእመናን ጋር የሠራው ሥራ አንድ ቀላል መፍትሔ አሳይቷል። በአካባቢው ከሚገኝ ድንጋይ የግቢውን ዙሪያ ማጠር ነው። ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፣ ከብት አይገባም፣ ከውስጥ የወደቀው ዘር የመብቀል ዕድል ያገኛል። አንድም ችግኝ ከሌላ ቦታ ሳይመጣ ማለት ነው።

ዘመቻው የሚያደርገውና የማያደርገው

የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተገልጿል። በቁጥሩ ላይ የተለያየ አስተያየት ይሰጣል። ቁጥሩን ትቼ ስለ አሠራሩ ማንሳት እፈልጋለሁ። ዘመቻ ሰው ያነቃቃል፣ ችግኝ ጣቢያ ያስፋፋል፣ ለዛፍ ያለውን ስሜት ይለውጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን በቁጥር የሚለካ ሥራ በቁጥር የሚያዋጣውን ዛፍ ይመርጣል። የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ብዙ ችግኝ በአጭር ጊዜ አድርስ ከተባለ፣ ዘሩ በቀላሉ የሚገኘውን፣ ቶሎ የሚበቅለውን ይይዛል። የሐበሻ ጥድ ዘር የሚለቀመው ከዛፍ ላይ ነው። ሥጋው ታጥቦ ይወጣል፣ ባዶው ከደህናው ይለያል፣ ብቅለቱም አንድ ወጥ አይደለም። የተገኘው ችግኝ ደግሞ ለመትከል እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። በዚህ ሚዛን ጥድ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው።

የዘሩ ምንጭም ችላ ይባላል። የአሬሮ ጥድ በደረቅ አገር የኖረ ነው፣ የዲንሾ ጥድ በብርድ አገር። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ የአንዱን ዘር ለሌላው መውሰድ ከጅምሩ የጽድቀት ዕድሉን ያሳንሳል። ዘር ለቃሚው ለመድረስ ከሚቀሉት ሁለት ሦስት ዛፎች ብቻ ሲለቅም ደግሞ የሚመጣው ደን በሙሉ እህትማማች ይሆናል።

አማራጩ በእጃችን ያለ ነው። ቦታን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ አድርጎ መከለል በትግራይ፣ በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች ለአሥርተ ዓመታት ተሞክሯል። እናት ዛፍ በአቅራቢያው ካለ፣ ቁጥቋጦው ወፍ ይጠራል፣ ወፉ ዘር ያመጣል። በጣም የተራቆተና ከእናት ዛፍ የራቀ ቦታ ላይ ግን መከለል ብቻውን አይበቃም፤ እዚያ መትከል የግድ ነው። ስለዚህ ችግኙን ዘር ወደማይደርስበት ቦታ ወስዶ፣ ዘር የሚደርስበትን ማጠር የሁለቱንም ጥቅም ያስገኛል። እዚህ ላይ እንኳ የምንጠብቀውን ማወቅ አለብን። እርጥበት ባለው ቦታ የተከለለ ደን ከጊዜ በኋላ ከጥድ ይልቅ ዝግባ ሊያበዛ ይችላል። ያ ውድቀት አይደለም፤ ደኑ መንገዱን እየሄደ ነው።

ሕጉና ገበሬው

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 አራት ዛፎችን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከለከለ፤ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን። ክልከላው በዚያን ጊዜ አስፈላጊ ነበር፤ ዛፎቹ እየተመነጠሩ ነበርና። ነገር ግን ክልከላ ከታሰበለት ደን አልፎ ወደ ገበሬው ጓሮ ይገባል። በብዙ አካባቢ አንድ ገበሬ ራሱ የተከለውን ጥድ ለመቁረጥ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ጣውላውን ጭኖ ሲወጣ ኬላ ላይ የማጓጓዣ ወረቀት ይጠየቃል። ባህር ዛፍ ቢሆን ግን ይህ ሁሉ ጣጣ እጅግ ይቀልለታል።

ክልከላውን የሚደግፉ ወገኖች ፍርሃታቸው ምክንያት አለው። ከጓሮ የመጣውን ጥድና ከመንግሥት ደን የተሰረቀውን በኬላ ላይ መለየት አይቻልም። አንዱን ስትፈቅድ ሌላው በዚያው በር ይወጣል። የሚቃወሙት ደግሞ ውጤቱን እዩ ይላሉ። ገበሬው ማሳው ላይ ራሱ የበቀለችን የጥድ ችግኝ ሲያይ ነገ የሚመጣበትን ጣጣ ያስባል፣ ሳታድግ ይነቅላታል። ዛፉን ለማዳን የወጣው ሕግ ዛፉን ከእርሻ መሬት ያስወጣል ማለት ነው።

የ2010ሩ የደን አዋጅ ቁጥር 1065 በወረቀት ላይ መንገድ ከፍቷል። የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ባለቤትነትን ለየ፤ ለግልና ለማኅበረሰብ ባለደኖችም መብት ሰጠ። ጭሊሞን በመሰሉ ቦታዎች የተሞከረው አሳታፊ የደን አስተዳደር፣ ማለትም ነዋሪው ተደራጅቶ ደኑን የሚጠብቅበትና በስምምነት የሚጠቀምበት አሠራር፣ ከዚህ መንፈስ ጋር ይሄዳል። የጎደለው ታች ያለው አፈጻጸም ነው። ገበሬው የተከላቸው ጥዶች ገና ችግኝ ሳሉ በቀበሌው በስሙ ቢመዘገቡና ሲደርሱ በዚያ ምዝገባ መነሻ የመቁረጫና የማጓጓዣ ወረቀት ቢያገኝ፣ ኬላው ላይ ያለው ጥርጣሬ ግማሹ ይቀልል ነበር። ይህ አዲስ አዋጅ አይፈልግም። አንድ መዝገብ፣ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛና የተመዘገበውን የሚያከብር ኬላ ይበቃዋል። እስከዚያ ድረስ ገበሬው ለልጁ የሚሆን ዛፍ ሲመርጥ ባህር ዛፍን መምረጡ አያስገርምም።